የመረጃ ቋት ሰንጠረዦችና ዓምዶች ስያሜ፦ የመሬት ይዞታ መዝገብ ከሌሎች መዝገቦች ጋር እንዲናበብ

ይህ ማብራሪያ የገጠር መሬት ይዞታ አገልግሎት የሚፈልጉ ዜጎች ስማቸው፣ የልደት ቀናቸውና የማሳቸው መረጃ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የመረጃ ቋቶች ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ መረጃዎቹ አንዳንዴ ለምን እንደማይመሳከሩ፣ እንዲሁም አስቀድሞ ምን ማጣራት እንደሚገባ እንዲገነዘቡ ለማስቻል የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት በደቡብ ጎንደር ዞን ከሚገኙት ከወረታ ከተማና ከፎገራ ሜዳ ነው። መርሖዎቹ ግን በማንኛውም አካባቢ ላሉ ተገልጋዮች ያገለግላሉ።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች የሚያቋርጡት ለም መሬት ነው። አካባቢው በሩዝ ምርትና በፎገራ የከብት ዝርያ ይታወቃል። የወረታ ከተማም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልበት ሥፍራ ትገኛለች። በዚህ ሜዳ አንድ ጥማድ መሬት ያለው አርሶ አደር ስሙ በመሬት አስተዳደር መዝገብ፣ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ በፋይዳ፣ በባንክ፣ በግብር መዝገብና በኅብረት ሥራ ማኅበሩ የአባላት ዝርዝር ላይ ሊገኝ ይችላል። እነዚህ መዝገቦች በተለያየ ጊዜ፣ በተለያዩ ባለሙያዎችና በተለያየ ሶፍትዌር የተዘጋጁ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መግባቢያ በአብዛኛው የሚወሰነው ለሰንጠረዦቻቸውና ለዓምዶቻቸው በተሰጠው ስያሜ ነው።

1. መሠረታዊ ቃላት

የመረጃ ቋት ማለት በኮምፒውተር ውስጥ በሥርዓት የተደራጀ መዝገብ ነው። በውስጡ ሰንጠረዦች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ ስለ አንድ ዓይነት ነገር ይይዛል፤ ለምሳሌ አንዱ ስለ ባለይዞታዎች፣ ሌላው ስለ ማሳዎች። የሰንጠረዡ ረድፍ አንድን ሰው ወይም አንድን ማሳ ይወክላል። ዓምዱ ደግሞ ስለዚያ ሰው ወይም ማሳ የሚመዘገበውን አንድ ጉዳይ ይይዛል፤ ለምሳሌ የአባት ስም፣ የልደት ቀን፣ ወይም የማሳ ስፋት። አንድ መሥሪያ ቤት ለሌላው መረጃ ሲልክ ተቀባዩ ኮምፒውተር የትኛው መረጃ የት መግባት እንዳለበት የሚያውቀው በዓምዱ ስም አማካይነት ነው።

2. ስያሜ መብትን የሚነካው እንዴት ነው?

«ባለቤት» የሚለውን ቃል እንመልከት። በአማርኛ ባለቤት የንብረት ጌታ ማለት ነው፤ የትዳር ጓደኛም ባለቤት ይባላል። በአንድ መዝገብ ውስጥ «የባለቤት_ስም» የሚል ዓምድ ካለ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት የመሬቱን ባለይዞታ ሊያስገባበት፣ ሌላው ደግሞ የባለይዞታውን ሚስት ወይም ባል ሊያስገባበት ይችላል። ሁለቱ መዝገቦች በኮምፒውተር ሲገናኙ የአንዷ ሴት ስም ባለይዞታ ሆኖ ይነበባል፤ የሌላዋ ስም ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ስሕተት መኖሩን አያስታውቅም፤ ምክንያቱም ሁለቱም ዓምዶች አንድ ዓይነት ስም አላቸው።

ቃሉ ከሕግ አንጻርም ትክክለኛ አይደለም። በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ የሚኖረው የይዞታና የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ትክክለኛዎቹ ስያሜዎች «ባለይዞታ» እና «የትዳር_ጓደኛ» ናቸው።

በአማራ ክልል ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም ይመዘገባል። ለአንድ ማሳ አንድ የባለይዞታ ዓምድ ብቻ ያለው ሰንጠረዥ ግን አንዱን የትዳር ጓደኛ ውጭ ያስቀራል። በመሆኑም ሰዎችን፣ ማሳዎችንና መብቶችን በሦስት የተለያዩ ሰንጠረዦች አስቀምጦ ማገናኘት ተገቢ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኤስኦ 19152 የተባለው ዓለም አቀፍ የመሬት አስተዳደር መረጃ ደረጃም የተመሠረተው በዚሁ አከፋፈል ላይ ነው፤ ባለመብቱ፣ መብቱ (ከገደቡና ከኃላፊነቱ ጋር)፣ የአስተዳደር ክፍሉ እና የመሬቱ ክልል እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስያሜ አላቸው።

3. የሰው ስም የሚቀመጥባቸው ዓምዶች

በአገራችን ልማድ የአንድ ሰው ሙሉ ስም የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 32 ጀምሮ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖር ቢደነግግም በተግባር የቆየው የአባትና የአያት ስም ነው። ከውጭ አገር የሚገቡ ሶፍትዌሮች ግን በአብዛኛው የሚጠይቁት «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» ብቻ ነው። «የመጨረሻ ስም» በሚለው ዓምድ አንዱ መዝጋቢ የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ስም ሲያስገባ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይታያል። ወንድማማቾችም በአያት ስም ሲመዘገቡ ከአባታቸው ጋር የማይዛመዱ ይመስላሉ። ይህ በውርስ ጉዳይ ላይ ቀላል ችግር አይደለም።

መፍትሔው ዓምዶቹን «ስም»፣ «የአባት_ስም» እና «የአያት_ስም» ብሎ በትክክለኛ ትርጉማቸው መሰየም ነው። የውጭውን አከፋፈል ከሚጠቀም ሥርዓት ጋር መገናኘት ሲያስፈልግ የትኛው ዓምድ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም በጽሑፍ መወሰን ይገባል።

4. ሞክሼ ፊደላትና የላቲን አጻጻፍ

«ኃይለ ሥላሴ»፣ «ሀይለስላሴ» እና «ኃይለሥላሴ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ሲካተት እያንዳንዱ ሞክሼ ፊደል የየራሱን መለያ አግኝቷል፤ «ሀ» 1200፣ «ሐ» 1210፣ «ኀ» 1280፣ «ሠ» 1220፣ «ሰ» 1230 ናቸው። በመለያዎቹ ልዩነት ምክንያት «ቅድስት ሐና» ብሎ የጻፈ መዝገብና «ቅድስት ሀና» ብሎ የጻፈ መዝገብ ያለ ልዩ ዝግጅት አይገናኙም።

በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ ይሰፋል። የወረታ የመጀመሪያ ፊደል አናባቢ በአንዳንድ ሰነዶች በ«ኦ»፣ በሌሎች በ«ኢ» ፊደል ይጻፋል። የርብ ወንዝ ስምም በአንድ ወይም በሁለት «ቢ» ሲጻፍ ይታያል። ስለዚህ ስም ብቻውን ለማመሳከሪያነት ሊበቃ አይችልም። ሁለት ዓይነት ዓምድ ያስፈልጋል፤ አንደኛው ተገልጋዩ የሚጠቀምበትን ትክክለኛ አጻጻፍ ሳይለውጥ ይይዛል፤ ሁለተኛው ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መልክ አምጥቶ ለፍለጋ ብቻ ያገለግላል። የፍለጋው ዓምድ በምስክር ወረቀት ላይ መታተም የለበትም።

5. የቀን ዓምዶች

«የልደት_ቀን» የሚለው ስያሜ በየትኛው የቀን አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። ታኅሣሥ 21 ቀን 1980 ዓ.ም. በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ዲሴምበር 31 ቀን 1987 ነው፤ የማግሥቱ ታኅሣሥ 22 ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1988 ነው። በአንድ ሌሊት የዓመቱ ልዩነት ከሰባት ወደ ስምንት ይሻገራል። ስለዚህ ከዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት መደመር ብቻ ትክክለኛ ቅየራ አይደለም።

ከዚህ የከፋው «1980» የሚለው ቁጥር ምንም ምልክት ሳይኖረው ወደ ሌላ ሥርዓት ሲተላለፍ ነው። ተቀባዩ ሥርዓት እንደ ጎርጎርዮሳዊ ዓመት ካነበበው ታኅሣሥ 22 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ዕድሜው በስምንት ዓመት ይጨምራል። ይህም በጡረታ፣ በወጣቶች ብድርና በአካለ መጠን ጉዳዮች ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። በሌላ በኩል ጳጉሜን 13ኛ ወር በመሆኑ ለጎርጎርዮሳዊ ቀን ብቻ የተዘጋጀ ዓምድ «13» የሚለውን ወር አይቀበልም። በዚያ ወር የተወለዱ ሰዎች ቀናቸው ባዶ ሆኖ እንዲቀር ወይም መዝጋቢው በግምት እንዲሞላው ምክንያት ይሆናል።

የሚመከረው ስያሜ አቆጣጠሩን የሚገልጽ ነው፤ «የልደት_ቀን_ዓም» እና «የልደት_ቀን_እኤአ»። ለማሽን ልውውጥ የሚያገለግለው የጎርጎርዮሳዊ ቀን በአይኤስኦ 8601 መሠረት ከዓመት ተነሥቶ ወር፣ ከዚያም ቀን ቢቀመጥ «05/06» የሚለውን ጽሑፍ አንዱ ሚያዝያ መጨረሻ፣ ሌላው ግንቦት መጨረሻ ገደማ እያለ አያነበውም።

6. ስፋት፣ መገኛና የአስተዳደር መለያ

«ስፋት» የሚል ዓምድ 0.75 የሚል ቁጥር ቢይዝ ሄክታር ነው ወይስ ጥማድ? ጥማድ በአንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚታረስ መሬት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሩብ ሄክታር ተብሎ ቢገመትም እንደየአካባቢው ይለያያል። 0.75 ሄክታር 7500 ካሬ ሜትር ነው። መለኪያው በዓምዱ ስም ውስጥ ካልተገለጸ ለብድር የሚቀርበው ግምትም ሆነ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የሚሰላው ካሣ ይዛባል። ስለዚህ «ስፋት_ካሬ_ሜትር» ከ«ስፋት» ይሻላል።

የማሳ መገኛም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ማሳ የሚገለጸው በዋናነት በአዋሳኞቹ ስም ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ግን ማሳው በካርታ ላይ ይሰፍራል። በአገራችን ካርታ ሥራ አዲንዳን የተባለው የመነሻ ስሌት ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል ቆይቷል፤ የእጅ ስልኮችና አብዛኞቹ የሳተላይት መሣሪያዎች ደግሞ ደብልዩጂኤስ 84 የተባለውን ይጠቀማሉ። ሁለቱን አደባልቆ መጠቀም ማሳን ከመቶ ሜትር በላይ ከቦታው ያሸሻል። እንደ ፎገራ ባለ ሜዳማና ማሳዎች በተጠጋጉበት ሥፍራ፣ የክረምት ጎርፍም የድንበር ምልክትን ሊያጠፋ በሚችልበት አካባቢ፣ የመቶ ሜትር ስሕተት የአንድን አርሶ አደር ማሳ በሌላው ይዞታ ላይ ያሳርፋል። የመነሻ ስሌቱ በዓምዱ ስም ወይም በተያያዘ መግለጫ መጠቀስ ያለበት ለዚህ ነው።

የአስተዳደር መለያ ቁጥሮች ደግሞ በጽሑፍነት እንጂ በስሌት ቁጥርነት መቀመጥ የለባቸውም። የአማራ ክልል የስታቲስቲክስ መለያ 03 ነው። ዓምዱ ለስሌት ቁጥር ከተዘጋጀ መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ ይጠፋና «3» ብቻ ይቀራል፤ ከዚያም የዞኑ፣ የወረዳውና የቀበሌው መለያ ሁሉ በአንድ ቦታ ይዛነፋል።

7. የሶፍትዌር ገደቦች

የመረጃ ቋት ሶፍትዌሮች በስያሜ ላይ የተለያየ ደንብ አላቸው። ዋና ዋናዎቹ ልዩነቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ርዝመት። ፖስትግሬስኪውኤል ለአንድ ስም 63 ባይት፣ ማይኤስኪውኤል 64 ፊደል፣ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር 128 ፊደል ይፈቅዳሉ። ኦራክል እስከ ቅጽ 12.1 ድረስ 30 ባይት ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ ከቅጽ 12.2 ጀምሮ 128 ባይት ሆኗል። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ 63 ባይት ማለት 21 የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው።

ለ) የካርታ ፋይሎች። በመሬት ሥራ ላይ በስፋት የሚያገለግለው ሼፕፋይል ለዓምድ ስም የሚፈቅደው 10 ፊደል ነው። «የባለይዞታው_የአባት_ስም» እና «የባለይዞታው_የአያት_ስም» የተባሉ ሁለት ዓምዶች በአሥር ፊደል ሲቆረጡ ሁለቱም «የባለይዞታው_የአ» ይሆናሉ። የአባትና የአያት ስም መለያየታቸው በዚሁ ይቀራል። በላቲን ፊደል በተጻፉ ረጃጅም ስሞችም ላይ የሚደርሰው ተመሳሳይ ነው። መለያው ቃል ወደ መጀመሪያ ቢመጣ፣ ማለትም «አባት_ስም» እና «አያት_ስም» ቢባል፣ ችግሩ አይፈጠርም።

ሐ) ትልቅና ትንሽ ፊደል። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ መልክ አለው። በጥቅስ ምልክት ያልታጠረን ስም ኦራክል ወደ ትልቅ ፊደል፣ ፖስትግሬስኪውኤል ወደ ትንሽ ፊደል ይለውጡታል። በማይኤስኪውኤል የሰንጠረዥ ስም በዊንዶውስ ላይ ያለ ልዩነት ሲነበብ በሊኑክስ ላይ ይለያያል። ስለዚህ ሁሉንም በትንሽ ፊደል መጻፍ ይመከራል። የግዕዝ ፊደል ይህ ልዩነት የለበትም፤ ነገር ግን በርዝመት ገደብና በአንዳንድ መሣሪያዎች ድጋፍ ማነስ ምክንያት ባለሙያዎች የውስጥ ስያሜዎችን በላቲን ፊደል ሲጽፉ፣ ተገልጋዩ የሚያየውን መጠሪያ በአማርኛ ያደርጋሉ።

መ) የተከለሉ ቃላት። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለራሱ ትእዛዝ የሚጠቀምባቸው ቃላት አሉት። «ዩዘር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በፖስትግሬስኪውኤልና በኦራክል የተከለለ ሲሆን በማይኤስኪውኤል አይደለም። «ራንክ» ደግሞ በማይኤስኪውኤል ቅጽ 8.0 አዲስ የተከለለ ቃል ሆኗል፤ የመሬት ደረጃን በዚህ ቃል የሰየመ ሰንጠረዥ ሶፍትዌሩ ሲታደስ ሥራው ሊቋረጥ ይችላል።

ሠ) ምልክቶች። «የአባት-ስም» ተብሎ በሰረዝ የተጻፈ ዓምድ በብዙ ሥርዓቶች «የአባት ሲቀነስ ስም» ተብሎ ይነበባል። ክፍት ቦታም እንደዚሁ ስሙን ለሁለት ይከፍለዋል። በቃላት መካከል የሚገባው ከሥር የሚሰመረው ሰረዝ ነው።

8. የጋራ መለያ ቁጥር አስፈላጊነት

በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ባለ 12 አኃዝ ልዩ ቁጥር ይመድባል፤ ምዝገባው የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስልን ያካትታል። ቁጥሩ በመሬት መዝገብም በሌሎች መዝገቦችም አንድ ወጥ ስያሜ ባለው ዓምድ ከተቀመጠ የሞክሼ ፊደል ልዩነት ሰውየውን ከመዝገቡ አይለየውም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የስም ዓምዶችን አይተካም፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይመሳከራሉ። ደግሞም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተጠበቀ የግል መረጃ በመሆኑ ለአገልግሎቱ ከሚያስፈልገው በላይ መሰራጨት የለበትም።

ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ሲዘረጋ በየክልሉ የነበሩ ቀደምት መዝገቦች ወደ አንድ ሥርዓት የሚሸጋገሩበት ሁኔታ ተፈጥሯል። እንዲህ ባለው ሽግግር ወቅት የእያንዳንዱ ነባር ዓምድ ትርጉም ከአዲሱ ጋር በጽሑፍ መመሳከር አለበት። የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ የ«ባለቤት» ምሳሌ ያሳያል።

9. ተገልጋዩ ሊያጣራ የሚገባው

በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 መሠረት የመሬት የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደር ይቻላል። ለዚህ፣ ለውርስ ወይም ለኪራይ ምዝገባ ከመቅረብዎ በፊት የሚከተሉትን ቢመለከቱ ምልልስን ይቀንሳል።

• የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎን፣ የፋይዳ ምዝገባዎንና የባንክ ደብተርዎን ጎን ለጎን አድርገው ስምዎ፣ የአባትዎና የአያትዎ ስም በአንድ ፊደል አጻጻፍና በአንድ ቅደም ተከተል መጻፉን ያረጋግጡ።

• የልደት ቀንዎ በየትኛው አቆጣጠር እንደተመዘገበ ይጠይቁ። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ከሌለው እንዲጨመር ያመልክቱ።

• መሬቱ የጋራ ይዞታ ከሆነ የሁለታችሁም ስም በባለይዞታነት መግባቱን ይመልከቱ። በኮምፒውተሩ ላይ ያለው መረጃ ከደብተሩ ጋር አንድ መሆኑንም ይጠይቁ።

• የማሳዎ መለያ ቁጥር ሙሉ በሙሉ፣ ከመነሻ ዜሮዎቹ ጋር መጻፉን ያረጋግጡ። ማመልከቻ ሲጽፉም ቁጥሩን ሳያሳጥሩ ይገልብጡ።

• የስፋቱ መለኪያ ሄክታር፣ ካሬ ሜትር ወይም ጥማድ መሆኑን ይለዩ።

• ልዩነት ካገኙ በቅድሚያ የትኛው መዝገብ ትክክል እንደሆነ ይለዩ፤ ከዚያም የተሳሳተው እንዲታረም ብቻ ያመልክቱ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስለወጥ አዲስ አለመጣጣም ሊፈጥር ይችላል። የፊደል ግድፈት ማረምና ስም መቀየር የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውንም ልብ ይበሉ፤ ስም መቀየር የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠይቃል።

• የቀረበልዎ መልስ «ሲስተሙ አይቀበልም» የሚል ብቻ ከሆነ የትኛው መረጃ፣ ከየትኛው መዝገብ ጋር እንዳልተጣጣመ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ። ያልተጣጣመው ዓምድ ከታወቀ እርማቱ የት እንደሚጠየቅም ይታወቃል።

የእርማት ጥያቄ የሚቀርበው መረጃውን መጀመሪያ ለመዘገበው አካል ነው። የይዞታ መረጃ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ የልደትና የጋብቻ መረጃ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት፣ የመታወቂያ መረጃ ደግሞ በፋይዳ ምዝገባ ጣቢያ ይስተናገዳል። ተገልጋዮች ያቀረቡትን ማመልከቻ ቅጂና የተሰጣቸውን የመዝገብ ቁጥር ጉዳያቸው እስኪጠናቀቅ ድረስ በጥንቃቄ እንዲይዙ ይመከራሉ።